ባሕር ወይስ ባቡር? በተማሪ ጥናት ላይ የቀረበ ሂስና ግለ ሂስ

ሂስ ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጣው የልብ ወለድ፣ የግጥም ወይም የቲያትር ሂስ ነው። እኛ ዛሬ ልንነካው ያሰብነው ግን ማንም ከድርሰት የማይቆጥረውን፣ ነገር ግን ሁላችንም ወደን ሳይሆን ተገደን ደራሲዎቹ የሆንነውን የጽሑፍ ዓይነት ነው። የተማሪን ጥናት ማለታችን ነው። የቃል ግጥም፣ የተረት፣ የሠርግና የለቅሶ ጥናት እያልን በየሴሚስተሩ የምናስረክበው፣ ምዕራፍ ሦስቱ «የመረጃ አሰባሰብ ዘዴ»፣ ምዕራፍ አራቱ «የመረጃ ትንተና» የተባለው ሠላሳ አርባ ገጽ። መምህሩ ያነበዋል፣ ውጤት ይሰጠዋል፣ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ይተኛል። አንባቢ የሌለው ጽሑፍ ደግሞ ሃያሲም የለውም። ብዙው ጥፋት ከዚህ ይጀምራል ብንል አጋነናችሁ የሚለን ያለ አይመስለንም።

ግለ ሂስ የሌለበት ሂስ ሐሜት ስለሚሆን ከራሳችን እንጀምር። እኛ አራት ተማሪዎች ነን። ባለፈው ዓመት ለሥነ ቃል ኮርስ፣ በፉሪ አካባቢ በለቅሶ ላይ ስለሚወረዱ ሙሾዎች 38 ገጽ ጽፈን አስረክበናል። ጥሩ ውጤትም አግኝተንበታል። ዛሬ ያንኑ ጥናት እንደ ሌላ ሰው ሥራ አውጥተን ስናነበው ያፈርንበት ቦታ ብዙ ነው፤ ሁሉን ባንዘረዝርም ዋና ዋናውን አንደብቅም።

በቅድሚያ ስለ ቋንቋው። ጥቂት የመመረቂያ ጽሑፎችን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር ደጋግማ ትገጥመዋለች፤ «ለጥናቱ አስፈላጊ የሆኑ መረጃዎች በቃለ መጠይቅ፣ በምልከታና በቡድን ውይይት ተሰብስበዋል» የምትል። እስቲ ይህችን ዓረፍተ ነገር ግጥም እንደምናነብ አድርገን እናንብባት። ማን ሰበሰበ? አልተባለም፤ ግሱ ተደራጊ ነው። ከማን ተሰበሰበ? እሱም የለም። በምን ሰዓት? ቡና እየተፈላ ነው ወይስ ሰውየው በር ላይ እንደቆመ? የለም። «ተሰበሰበ» የሚለው ቃል ራሱ ነገሩን ማገዶ ያስመስለዋል፤ መረጃው መሬት ላይ ወድቆ ሲጠብቀን ቆይቶ እኛ ጎንበስ ብለን ያነሣነው ይመስላል። የልብ ወለድ ደራሲ እንዲህ ቢጽፍ «ለመሆኑ ገጸ ባሕርያትህ የት አሉ?» ብለን መቀመጫ መቆሚያ እናሳጣው ነበር። ለራሳችን ሲሆን ግን ዝም፤ እንዲያውም «ሳይንሳዊ አጻጻፍ» ብለን እንኮራበታለን።

በእኛም ጥናት ገጽ 11 ላይ ይህችው ዓረፍተ ነገር አለች። «ምልከታ» ብለናል። ሐቁን ለመናገር አንድም ለቅሶ አልደረስንም። ስለ ለቅሶ ሙሾ አጥንተን አንድም ለቅሶ ሳንደርስ! «የቡድን ውይይት» ያልነው ደግሞ ሦስት ጎረቤታሞች ቡና ሲጠጡ በመሃል የገባንበትን ጨዋታ ነው። ጨዋታው ጥሩ ነበር፤ ግን ስለ ኑሮ ውድነት ነበር።

መጠይቅ የሚበትኑት ጓደኞቻችን በበኩላቸው በቁጥር ይሸሸጋሉ። የያማኔን ቀመር የማያውቅ የዘመናችን ተማሪ የለም። የነዋሪውን ብዛት ታስገባለህ፣ የስሕተቱን ልክ 0.05 ትላለህ፣ የናሙናው ብዛት ይወጣል። 10,000 ነዋሪ ብታስገባ 385፣ 100,000 ብታስገባ 398 ወይም 399። ሰፈሩ አሥር ዕጥፍ ቢሰፋ ናሙናው የሚጨምረው አሥራ ምናምን ሰው ነው። በየጥናቱ «400 ያህል» የሚባለው ቁጥር ለምን እንደሚደጋገም የገረመው ካለ ምሥጢሩ ይኸው። ቀመሯ ውሸታም አይደለችም። ግን የምትሠራው ሙሉ የነዋሪ ዝርዝር ካለና ከዚያ ላይ በዕጣ ከተወሰደ ነው። በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ እርሻ የነበረው የፉሪ መሬት ዛሬ ስንቱ ቤት ተሠርቶበታል! ታዲያ ዝርዝሩ ከየት መጥቶ ነው ዕጣ የሚወጣው? ተማሪው 385 ወረቀት ይዞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ላገኘው ሰው ያድላል፤ ምዕራፍ አራት ላይ ግን ከመቶኛው እስከ ሁለት ዴሲማል ድረስ ይወጣል።

እኛም ወደ ፉሪ የሄድነው መጀመሪያ መጠይቅ ይዘን ነበር። ቦታውን የመረጥነው የአንዷ ጓደኛችን አክስት እዚያ ስለሚኖሩ ነው፤ በጽሑፉ ላይ ግን «አካባቢው በሥነ ቃል ሀብቱ የታወቀ በመሆኑ» ብለናል። ታክሲው ሃና ማርያም ካወረደን በኋላ ባጃጅ ይዘን ገባን። ከፎርማችን ላይ የመጀመሪያው መስመር «ክፍለ ከተማ፦ ንፋስ ስልክ ላፍቶ» ተብሎ ቀድሞ ታትሟል። አንድ አባወራ በር ላይ ተቀብለውን ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «የትኛውን ፉሪ ነው የምትሉት?» አሉን። እውነታቸውን ነው። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ፉሪ ከክፍለ ከተሞቹ የአንዱ መጠሪያ ሆኗል፤ ስሙ ዛሬ ከወሰኑ ወዲህም ወዲያም አለ። የጥናታችንን «ወሰን» በአንድ መስመር ዘግተን የሄድነው ሰዎች ግን፣ ለቅሶ የሚደርሱት በየትኛው በኩል ለሚኖር ዘመድ እንደሆነ ለመጠየቅ እንኳ ቦታ አልተውንም ነበር።

መጠይቁ 12 ዐረፍተ ነገሮች ነበሩት፤ እያንዳንዱ «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በጣም አልስማማም» አምስት ምርጫ አለው። አንዲት እናት ማንበብ ስለማይችሉ እያነበብንላቸው ነበር። ለሁሉም «እስማማለሁ፣ ጻፉ» አሉ። ሰባተኛው ከሦስተኛው ጋር የሚቃረን ነበር፤ ሆን ብለን ለፈተና ያስገባነው። ለእሱም «እስማማለሁ»። አንዱ ጓደኛችን መታገሥ አቅቶት «እማማ፣ የማይስማሙበት አንድም የለም?» ቢላቸው፣ «ደክማችሁ ፀሐይ መቷችሁ መጥታችሁ እንዴት አልስማማም እላችኋለሁ?» አሉት። በእኛ ሠንጠረዥ ይህ መልስ «ከፍተኛ ስምምነት» ሆኖ ተቆጥሯል። የለካነው ስለ ሙሾ ያላቸውን አመለካከት ሳይሆን እንግዳ አክባሪነታቸውን ነበር። ይህም እኮ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ የእንግዳ አቀባበል ጥናት ቢሆን ኖሮ ግሩም መረጃ በወጣው። ከዚያ ቀሪዎቹን ስድስት ወረቀቶች ሻይ ቤት ቁጭ ብለን እስክሪብቶ እየቀያየርን ራሳችን ሞላናቸው። ይህን ስንጽፍ ፈገግ የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ የፈገግታው ምክንያትም ይገባናል።

የሚያሳፍረን ግን ስድስቱ ወረቀቶች አይደሉም። የሚያሳፍረን የሚከተለው ነው።

የጓደኛችን አክስት «ሙሾ ከሆነ የፈለጋችሁት» ብለው አንዲት ጎረቤታቸው ዘንድ ወሰዱን። እኒህ እናት በሰፈሩ የታወቁ ሙሾ አውራጅ ናቸው። ቡና አፈሉልን። ጉዳያችንን ስንነግራቸው ደነገጡ። «ሰው ሳይሞት ሙሾ? ሟርት ነው እኮ ልጆቼ» አሉ። እኛ «ለትምህርት ነው፣ ለባህላችን መጠበቅ ነው» ማለት ጀመርን። የማናምንበትን ነገር አልተናገርንም፤ ግን የተናገርነው ከፕሮፖዛላችን ላይ ነበር። ዝም ብለው ሰሙን። በረካው ከተቀዳ በኋላ ራሳቸው አነሡት። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሞተባቸው ወንድም ነበራቸው። «ለሱ ከሆነ እላለሁ። ለሱ ሁልጊዜም እላለሁ። ስልካችሁን ግን አጥፉት» አሉን። አራታችንም ስልካችንን ገልብጠን መደቡ ላይ አስቀመጥን። አንዱ በነጠላ ሥር እየቀዳ ነበር። የማን እንደነበረ አንናገርም፤ አራታችንም እናውቅ ነበርና።

አንጎራጎሩ፣ ከዚያ አለቀሱ፣ ከዚያ ዝም አሉ። ዝም ካሉ በኋላ ለልጅ ልጃቸው በአፋን ኦሮሞ አንድ ነገር ነገሯት። ከአራታችን ቋንቋውን የሚሰማው አንዱ ብቻ ነው። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ነገረን፤ «የመጨረሻውን ትቼዋለሁ፤ እሱ ለእንግዳ አይባልም» ነበር ያሏት። መጠይቃችን በአማርኛ ብቻ፣ ጥያቄያችን በአማርኛ ብቻ፣ እሳቸው ደግሞ ጨዋ ስለሆኑ በመጣንበት ቋንቋ መለሱልን። ይህን እያወቅን በጥናቱ አባሪ ላይ ምን ብለን ጻፍን? «ግጥም 4፤ ሙሉ ቃሉ።»

ትንተናው ደግሞ ይኸውላችሁ። የስንኙን ብዛት ቆጠርን፣ ቤት መምቻውን ለየን፣ ተለዋጭና ተነጻጻሪ ዘይቤ ብለን አሰመርን። ግጥሙ ውስጥ ሁለት ጊዜ «ባሕሩ» የሚል ቃል አገኘን። ይህ ዕድል አያምልጠን ብለን ሁለት ገጽ ጻፍንበት። ባሕር የመለያየት ተምሳሌት ነው፤ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ዓረብ አገር የሚሰደዱ ወጣቶች ሰቆቃ በሕዝቡ የጋራ ንቃተ ኅሊና ውስጥ ተቀርጿል፣ ወ.ዘ.ተ.። ዳር ላይ በቀይ «በጣም ጥሩ!» ተብሎልናል። እውነት ለመናገር ጥሩ የተጻፈ ሁለት ገጽ ነው፤ እዚያ ላይ አሁንም አናፍርም። ጉዱ ሌላ ነው፤ እንደርስበታለን።

እንግዲህ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ምን ታረጉታላችሁ፣ የተማሪ ጥናት እንዲህ ነው፣ አቅሙም ጊዜውም የለ» ይላሉ። ለዚህ መልስ ለመፈለግ ከእኛ በፊት በዚህ አገር መረጃ የሰበሰቡት እነማን እንደነበሩ ጠየቅን። መልሱ ቅርብ ነበር፤ ተማሪዎች ነበሩ። በቀድሞው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተማሪዎች የኤትኖሎጂ ማኅበር ነበረ፤ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮም እንደዚህች እንደያዛችኋት ያለ ቡለቲን ያወጣ ነበር። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የተመሠረተው በ1963 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ተማሪዎቹ ተቋሙን አሥር ዓመት ቀድመውታል ማለት ነው። ጽሑፎቹ በ2002 እ.ኤ.አ. በአሉላ ፓንክረስት አዘጋጅነት እንደገና ታትመዋል። ያማኔም ሠንጠረዥም አልነበራቸውም። የነበራቸው ነገር ስለሚጽፉበት ቋንቋና ስለሚጽፉለት ሰው ከልጅነት የተረፈ ዕውቀት ነው። በርግጥ ስለ ትውልድ መንደሩ የሚጽፍ ሰው «እኛ ዘንድ እንዲህ ነው» ማለት ይቀናዋል፤ የአባቱን ቤት ልማድ የአውራጃ ልማድ ያደርገዋል። ግን ቢያንስ «እኛ» ይላል። የት ቆሞ እንደሚያይ ይታወቃል።

ስለ ቋንቋውም ቢሆን ከነሱ በጣም የቀደመች አለች። አስቴር ጋኖ በባርነት ተይዛ ከቆየች በኋላ ነፃ ወጥታ በምፅዋ አቅራቢያ በእምኩሉ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገች የኦሮሞ ልጅ ነበረች። ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር በሠራችው፣ በ1894 እ.ኤ.አ. በግዕዝ ፊደል በታተመው የኦሮምኛ ንባብ መጽሐፍ ውስጥ፣ አስቴር የሰበሰበቻቸው ተረቶች፣ ምሳሌዎችና እንቆቅልሾች ገብተዋል፤ አምስት መቶ ያህል ሰብስባ እንደነበርም ይነገራል። ያውም በራሷ ቋንቋ። እኛ ከዚያ 130 ዓመት በኋላ ፉሪ ላይ አንድ ቋንቋ ይዘን ገባን።

ሦስተኛው ምሳሌ የማይመቸን ነው። በ1931 እ.ኤ.አ. ከዳካር ተነሥቶ በ1933 ጂቡቲ የገባው፣ ማርሴል ግሪዮል የመራው የፈረንሳይ የጥናት ጓድ በ1932 ጎንደር ለወራት ተቀምጧል። ከአባ አንቶንዮስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች አንሥቶ በምትካቸው ቅጂ ለጥፎ ሄዷል፤ ሥዕሎቹ ዛሬም ፓሪስ ናቸው። የጓዱ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ የዛርን ሥርዓት መልካም አየሁ ከሚባሉ የዛር ባለቤት ቤት ሲያጠና፣ እያዳመጠ በአማርኛ የሚጽፍለት አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበር። እዚህ ድረስ ያለው የወረራ ታሪክ ነው፤ አናሞካሸውም። ነገር ግን ሌሪስ በ1934 ባሳተመው የየዕለት ማስታወሻው ጓዱ ዕቃ እንዴት እንደወሰደ፣ ምን እንደዋሸ፣ ራሱም ምን እንደተሰማው ጽፎታል። ግሪዮል በዚህ መጽሐፍ ተቆጥቶ ከሌሪስ ጋር ተቀያይሟል። እንግዲህ አስቡት፤ በቅኝ ገዥነት ዘመን የመጣ ፈረንሳዊ እንዴት እንዳገኘው የጻፈውን ያህል፣ እኛ የአገሪቱ ልጆች በነጠላ ሥር የቀዳነውን ሙሾ «በድምፅ መቅጃ ተሰብስቧል» ብለን አልፈነዋል። ለመስረቅ ለመስረቅማ ሁለታችንም ሰርቀናል። የሱ አንባቢ ግን ያውቃል፤ የእኛ አያውቅም።

የፈቃደ አዘዘን የሥነ ቃል መምሪያ ክፍላችን ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ብዙዎቻችን ከሱ የምንወስደው ግን የዘር ክፍፍሉን ብቻ ነው። ሙሾ እዚህ ጋ፣ እንጉርጉሮ እዚያ ጋ። በሰሜን ሸዋ ገበሬዎች ስለ ድርቅና ስለ ረኀብ በቃል የገጠሙትን ይዘው በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን የእንግሊዝኛ መጽሐፋቸውን ያነበበ ግን፣ ግጥሙ ከዚያ ረኀብ ቢነጠል ምን ያህል ሊተርፍ እንደሚችል ራሱን ይጠይቃል። እኛ ከለቅሶ የነጠልነው ሙሾ ምን ተረፈው? ስንኝና ቤት መምቻ።

ይህን ሁሉ ስንከራከር ቆይተን በዘንድሮው ጥቅምት የተተየበውን ገጽ ይዘን ወደ ፉሪ ተመለስን። መጀመሪያ የስልኩን ነገር ተናገርን። ሴትዮዋ ብዙ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለን ነበር። «ማን ማን ሰማው?» አሉ። መምህራችንና ሁለት የክፍል ጓደኞቻችን መሆናቸውን ነገርናቸው። «አጥፉት» አሉ፤ እፊታቸው አጠፋነው። ከዚያ ወረቀቱን አንብቡልኝ አሉን።

ባሕሩ የሚለው ስንኝ ጋ ስንደርስ እጃቸውን አነሡ። «የምን ባሕር? እዚህ አገር የት አለ ባሕር? ባቡር ነው እንጂ ያልኩት!» 

ባቡር። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ ጂቡቲ ባቡር፣ የመነሻ ጣቢያው ፉሪ ለቡ ያለው። ወንድማቸው በልጅነቱ ከብት ያግድበት የነበረው ሜዳ ዛሬ ሐዲዱ ያልፍበታል። ሐዲዱ ሲነጠፍ አይቷል፤ ባቡሩ ሲሄድ ሳያይ ሞተ። የግጥሙ ነገር ይኼው ነው፤ ሰው ሁሉ የተሣፈረበትን እሱ ብቻ አመለጠው። ለቅሶና በጨርቅ የታፈነ ስልክ ተባብረው «ቡ»ን «ሕ» አደረጉብን፤ ቀይ ባሕሩም፣ ስደቱም፣ የጋራ ንቃተ ኅሊናውም በአንዲት ፊደል ተናዱ። እኛን ያስደነገጠን መሳሳታችን አይደለም። የተሳሳትነው ትንተና ከትክክለኛው ያነሰ አሳማኝ አለመሆኑ ነው። ማንም አንባቢ ሊይዘን አይችልም ነበር፤ ከሳቸው በቀር። በየመደርደሪያው ስንት «ባሕር» እንዳለ ማን ያውቃል?

ንባቡን ጨረስን ስንል ሌላ ጥያቄ ጠየቁን። «ስሙስ የታለ?» በሙሾው ውስጥ የወንድማቸው ስም ሦስት ጊዜ ተጠርቷል። እኛ ሦስቱንም ጊዜ በቅንፍ «ስም» እያልን ተክተነዋል፤ የመረጃ ሰጪን ማንነት መጠበቅ ተብሎ የተማርነው ነው፣ ፎርምም ፈርመንበታል። ይህን ልናስረዳቸው ሞከርን። «ስሙ ካልተጠራ ለማን ነው ያለቀስኩት?» አሉን። 

በዚህ ላይ እስካሁን አልተስማማንም። ሁለታችን፣ ደንቡ የወጣው ሰው እንዳይጎዳ ነው፤ ሙሾ ግን ሥራው ስም መጥራት ስለሆነ ስሙን አውጥቶ «ሙሾ አጠናሁ» ማለት ልብሱን ይዞ ሰውየውን መቅበር ነው እንላለን። ሁለታችን ደግሞ፣ የሟቹ ሚስትና ልጆች አሉ፤ እኅት ስለፈቀዱ ብቻ የነሱ ቤት ገመና በተማሪ ወረቀት ላይ አይወጣም እንላለን። ለጊዜው ያደረግነው ይህን ነው፤ መደርደሪያ ላይ ባለው ቅጂ ውስጥ «ባሕሩ» የሚለውን ሁለት ቦታ ሰርዘን «ባቡሩ» ብለናል፣ ስለ ባሕር የጻፍናቸውን ሁለት ገጾች በእስክሪብቶ ዘግተን ዳሩ ላይ ምክንያቱንና ቀኑን ጽፈናል፣ «ሙሉ ቃሉ» የሚለውን አጥፍተን «የመጨረሻው ክፍል ለእኛ አልተነገረም» አልን። ስድስቱ መጠይቆች እነማን እንደሞሏቸውም ሠንጠረዡ ሥር ገብቷል። የስሙን ቦታ ቅንፉን አንሥተን ባዶ ትተነዋል። የሟቹን ባለቤት ባለፈው እሑድ ሄደን ጠይቀናቸዋል፤ ከልጆቼ ጋር ልማከር ብለውናል።

ግጥሙን በዚህ ቡለቲን ላይ ያላወጣነውም ለዚሁ ነው።